ሙሽራዋ የነበረችባት መስታወት

መርካቶ ውስጥ ቦርሳና ሻንጣ እጠግናለሁ። ሥራውንም ሱቋንም የወረስኩት ከአባቴ ነው። ሱቋ ከሲኒማ ራስ ወረድ ብላ የምትገኝ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ናት። ዚፕ እቀይራለሁ፣ ፎደራ እሰፋለሁ፣ የተነቀለ የሻንጣ ጎማ እተካለሁ። ሃያ ምናምን ዓመት ከሠራሁ በኋላ በእጄ ያላለፈ የቦርሳ ዓይነት ያለ አይመስለኝም ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ሽማግሌ መጡ። ኮታቸው አሮጌ ቢሆንም በደንብ የተተኮሰ ነው፤ ነጭ የሶላት ኮፍያ አድርገዋል። በትከሻቸው ካነገቱት የቆዳ ቦርሳ ውስጥ አንድ ጥቁር ነገር አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። የወፍራም መጽሐፍ ማኅደር መሰለኝ።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ጋሼ?" አልኳቸው።

ጎኗ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉ። አንደኛው ፊቷ እንደ በር ወደ ታች ተከፈተ። ከውስጥ ሌንሷን ይዘው በሁለት ቀጫጭን ሐዲዶች ላይ ስበው ሲያወጡት ከኋላዋ ጥቁር ቆዳ እንደ አኮርዲዮን ተዘረጋ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ካሜራዋን ሲነኩ ግን ስህተት አይሠሩም።

"ካሜራ ናት። የጀርመን ሥራ ናት" አሉ። "ከኔም ካባትሽም በዕድሜ ትበልጣለች። በፊልም አይደለም የምታነሳው፤ በመስታወት ነው።"

"በመስታወት እንዴት ይነሳል?"

"መስታወቱ መድኃኒት ይቀባና በጨለማ እዚህ ኋላዋ ላይ ይገባል። ብርሃን ሲነካው ሰውየው ይቀርበታል። አንድ መስታወት፣ አንድ ሰው። እንደ ዛሬ ስልክ መቶ ጊዜ ቸክ ቸክ የለም።"

ችግሩ አኮርዲዮኑ ነበር። ቆዳው ማዕዘኑ ላይ ሁሉ ተሰነጣጥቋል፤ አንድ ቦታ ላይ ጣት ያስገባል። ፎቶ አንሺዎቹን ሁሉ ዞረው ጠይቀው ነበር፤ የሚሞክርላቸው አላገኙም። በመጨረሻ ጎረቤቴ ሰዓት ሠሪው "ቆዳ ከሆነ እሷ ጋ ሂድ" ብሎ ወደ እኔ ላካቸው። ሁለቱ የድሮ ወዳጆች ናቸው።

"ትችያለሽ?" አሉኝ።

እንደማልችል ልቤ እያወቀ "እችላለሁ" አልኩ። ካሜራዋ አጓጉታኝ ነበር።

የመጀመሪያውን የሠራሁት ከለመድኩት የቦርሳ ቆዳ ነው። አምሮ ተሰፋ፤ አልታጠፍ አለ እንጂ። ካሜራዋን ለመዝጋት ስሞክር ጎርሶ መዋጥ እንዳቃተው ሰው አፏን ከፍታ ቀረች። ሁለተኛውን ከስስ የበግ ቆዳ ሠርቼ እጥፋቶቹ ላይ በማስቲሽ ቀጫጭን ካርቶን ለጠፍኩበት። ታጠፈ፣ ተዘረጋ። ደስ ብሎኝ ስደውልላቸው "ቆይ" አሉኝ። "በሩን ዝጊና ስልክሽን አብርተሽ ውስጡ ክተቺው። ጨለማው ውስጥ እይው።"

በምሳ ሰዓት የሱቁን በር ዘግቼ እንዳሉኝ አደረግኩ። መርፌዬ የበሳችው ቀዳዳ ሁሉ ያበራል። ድፍን ኮከብ! ብቻዬን ሳቄ መጣ። ሦስተኛውን ያለ መርፌ፣ በማጣበቅ ብቻ፣ ከውስጥ የጥቁር ጃንጥላ ጨርቅ አልብሼ ሠራሁት። እሱን ለመጨረስ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ የሰው ሻንጣ እየተከመረ ደንበኞቼ ተቆጡ።

አኮርዲዮኑን ገጥሜ በኋላዋ ባለው ደብዛዛ መስታወት የሱቄን ደጃፍ ያየሁበትን ቀን አልረሳውም። ራሴን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኜ ሌንሱን ወደ መንገዱ አዞርኩ። መርካቶ ተገልብጣ ታየችኝ። ፍራሽ የተሸከመ ሰው በሰማዩ ላይ በራሱ ቆሞ ይሄዳል፤ ሚኒባሶች ጎማቸውን ወደ ላይ አድርገው ይንሳፈፋሉ። "ዞር በይ! ዞር በይ!" የሚለው የተሸካሚ ጩኸት እንደ ሁልጊዜው ይሰማኛል፤ የማየው ግን ቀለሙ የለሰለሰ፣ የመዳፍ ያህል የሆነ፣ ዝም ያለ ዓለም ነው። አንዲት ደንበኛዬ ጨርቁን ገልጣ "ምን ነካሽ አንቺ?" እስክትለኝ ድረስ ከዚያ ውስጥ አልወጣሁም።

ጥፋቴን የሠራሁት በማግስቱ ነው።

ካሜራዋ የመጣችበት የቆዳ ቦርሳ የጎን ኪስ አለው። ኪሱ ውስጥ ሦስት ቀጫጭን የቆርቆሮ ማኅደሮች ነበሩ፤ መስታወቱ የሚገባባቸው እነሱ ናቸው። ሁለቱ ባዶ ናቸው። ሦስተኛዋ በጥቁር ወረቀት ተጠቅልላ በክር ታስራለች። ወረቀቱ አቧራ እንዳይገባባት የተጠቀለለ ነው ብዬ አሰብኩ። ላስደንቃቸው ፈልጌ ክሩን ቆረጥኩ፣ ክዳኗን አንሸራትቼ ከፈትኩ። ውስጧ የገረጣች፣ ወተት የደረቀባት የመሰለች መስታወት አለች። ሻጋታ መሰለኝ። ለብ ባለ ውሃና በዱቄት ሳሙና ዘፈዘፍኳት፣ ሲለሰልስ በምላጭ ፈቀፈቅኩት። ጥርት ብላ እስክትወጣ ድረስ ሠራሁ፤ ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

ሽማግሌው ሊወስዱ ሲመጡ ካሜራዋን ከፍቼ አሳየኋቸው። አኮርዲዮኑን ስበው አወጡት፣ መልሰው አጠፉት፣ ጆሮአቸውን አስጠግተው ድምፁን ሰሙ። "ሱብሃነላህ" አሉ። "እኔ እንደዚህ ሆና መጀመሪያ ያየኋት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። እጅሽ ይባረክ።"

"እነዚህንም አጽድቼልዎታለሁ" ብዬ ሦስቱን ማኅደሮች አቀረብኩላቸው።

ሦስተኛዋን አነሱ። አገላብጠው አዩዋት። "ክሩስ?"

"ቆረጥኩት።"

"ውስጧ የነበረችውስ?"

"እቺውና፤ እንዴት ቆሽሻ ነበር መሰለዎት" አልኩና መስታወቷን ሰጠኋቸው።

ወደ ብርሃኑ አቀኗት። በመስታወቷ ውስጥ ዓይናቸው ይታየኛል። ከዚያ መስታወቷን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከትተው፣ ካሜራዋን ጠረጴዛዬ ላይ እንደተከፈተች ትተው ሄዱ። "ጋሼ! ጋሼ!" እያልኩ እስከ ጭድ ተራ መታጠፊያ ተከተልኳቸው። ዞረው አላዩኝም።

ተመልሼ ለሰዓት ሠሪው ነገርኩት። ከዓይኑ ላይ አጉሊ መነጽሩን አወረደ።

"ምን አደረግሽ አንቺ! እዚያች ላይ እኮ ሚስቱ ነበረች። ሙሽራ ሳለች ያነሳት። ሳትታጠብ የቀረች ናት፣ ለብርሃን አይከፍታትም ነበር። የሙሽርነቷ ሌላ ፎቶ የላትም።"

መቀመጥ ፈለግኩ፣ ወንበሩ ላይ ግን ሻንጣ ነበር። ቆሜ አለቀስኩ።

ሳምንት ጠበቅኳቸው። ስልካቸው ይጠራል፣ አይነሳም። በየቀኑ ካሜራዋን ከመደርደሪያ አውርጄ እወለውላለሁ፤ ዓይኔ ግን አያያትም። ሥራ ጠላሁ። በስምንተኛው ቀን ካሜራዋን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ገዝቼ፣ ሰዓት ሠሪው በነገረኝ ምልክት ወደ አማኑኤል ሰፈር አቀናሁ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን አጠናሁ። ሟች ሚስታቸውን ሁለተኛ እንደገደልኩባቸው ነበር የተሰማኝ።

በሩን የከፈቱልኝ አጠር ያሉ፣ ሻሽ ያሰሩ፣ ጉንጫቸው የሞላ ሴት ናቸው። ሊጥ ሲያቦኩ ነበር መሰለኝ እጃቸው ዱቄት ነው። እህታቸው ይሆናሉ አልኩ በልቤ።

"የጋሼ ቤት ነው?"

"ነው፤ ግቢ የኔ ልጅ። ተኝቷል፣ ሰሞኑን አኩርፏል።"

ገብቼ ተቀመጥኩ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። "እትዬ፣ እኔ ያቺን መስታወት ያበላሸሁት ቦርሳ ሠሪ ነኝ" አልኩ። "ሳላውቅ ነው። ይቅርታ ልጠይቅ መጣሁ። ባለቤታቸውንም... ነፍሳቸውን በጀነት ያኑርልን።"

እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። "የማንን ነፍስ?"

"የጋሼን ባለቤት። የሟቿን።"

ትክ ብለው አዩኝ። "መቼ ሞትኩ?" አሉ።

ምን እንደመለስኩ አላውቅም፤ ብርቱካኑ ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ሲንከባለል ብቻ ትዝ ይለኛል። እሳቸው ሳቁ። ግድግዳውን እስኪደገፉ፣ እንባቸው በጉንጫቸው ላይ እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ወደ ውስጠኛው ክፍል ጮሁ፦ "አንተ! ና ውጣ! ለቅሶ ሊደርሱህ መጥተዋል፣ ሚስትህ ሞታለች አሉ!"

ሽማግሌው ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ። ሲያዩኝ ፊታቸው ጨለመ፤ "ተቀመጪ" ከማለት ግን አልቀሩም። እኔ ልነሳና እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ሴትዮዋ ትከሻዬን ይዘው መልሰው አስቀመጡኝ።

"አብሽሪ። ይልቅ ስሚ፣ ይሄ ሰውዬ ስምንት ቀን ሙሉ ለመስታወት ሐዘን ተቀምጧል፤ እኔ ከነሕይወቴ እያበሰልኩለት!"

"አንቺን አይደለም" አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። "ያቺን ልጅ ነው።"

ከዚያ ታሪኩን ነገሩኝ። በልጅነታቸው ከደሴ መጥተው አንድ ፎቶ ቤት ተቀጠሩ። የፎቶ ቤቱ ጌታ በዚያች ካሜራ ትልልቅ ሰዎችን ያነሳል፤ እሳቸው መስታወት ያጥባሉ። ዘመኑ ፊልም እየሆነ መጥቶ መስታወት ሲቀር የመጨረሻዋን አንዲት መስታወት ጌታው ለሠርጋቸው ስጦታ ሰጣቸው፤ "ሚስትህን አንሳበት" አላቸው። አነሱ። ሳትታጠብ ግን ፎቶ ቤቱ ተዘጋ፣ ጌታው ካሜራዋን ሰጥቷቸው ካገር ወጣ። መጀመሪያ የማጠቢያ መድኃኒት ጠፋ። ኋላ በሌላ ፎቶ ቤት ሲቀጠሩ መድኃኒት ነበረ፤ ያኔ ደግሞ እሳቸው ፈሩ።

"ቆይታለች፣ ተበላሽታ ቢሆንስ አልኩ። ነገ ነገ እያልኩ አርባ ምናምን ዓመት ሆነኝ። እዚያ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቦርሳው ኪስ ውስጥ እንዳለች ሳላወጣት ላንቺ መስጠቴ የኔ ጥፋት ነው። ግን ሆዴ እንቢ አለኝ።"

ሴትዮዋ አጠገባቸው ተቀመጡ። የዱቄት እጃቸውን የሽማግሌው እጅ ላይ አሳረፉ።

"ታጥባ ብትሆን ምን ይታይባት እንደነበር ልንገርህ?" አሉ። "ዓይኗን የጨፈነች ሙሽራ።"

"ምን?"

"ጫማው ጠብቦኝ ነበር። የእህቴን ጫማ ነው ያደረግኩት፣ ጣቴን እያሳበጠኝ። 'አራት እስክቆጥር እንዳትንቀሳቀሺ' አልከኝ። ከሕመሙ ብዛት ዓይኔን ጨፍኜ ቆጠርኩልህ።"

"ጨፍነሽ ነበር?"

"አንተ ሰዓትህን አይደል ስታይ የነበርከው! እኔን መች አየኸኝ!"

ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው አዩዋቸው። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ እየሳቁ ነበር። ሦስታችንም ሳቅን። ወለሉ ላይ የተበተነውን ብርቱካን እየለቀምን በላን።

ነገሩ እውነት ይሁን ሊያጽናኗቸው የፈጠሩት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን ሴትዮዋን ጠየቅኳቸው። "አርባ ዓመት ያለፈው ነገር ማን ያስታውሰዋል!" አሉና ሌላ ወሬ ጀመሩ።

የዚያን ቀን ልሄድ ስነሳ ግን ሴትዮዋ የጠቀለልኩትን ጨርቅ ፈትተው ካሜራዋን አዩዋት። "ታዲያ ተሠርታ የለም እንዴ?" አሉ። "አሁን አንሱኝ።"

"በምን?" አሉ ሽማግሌው። "መስታወት የት አለ?"

አሳባቸው ግን ሥራ ጀምሮ ነበር፤ ከፊታቸው ያስታውቃል። በሳምንቱ አንድ ወዳጃቸውን፣ በራጅ ክፍል ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው፣ ጠይቀው ጥቂት የራጅ ፊልምና የማጠቢያ መድኃኒት አገኙ። የራጅ ፊልም ቀይ ብርሃን አያበላሸውምና እኔ ከመርካቶ የብስክሌት የኋላ መብራት ገዛሁ። ጓዳቸውን በብርድ ልብስ አጨልመን፣ በቀዩ መብራት ፊልሙን በመስታወቱ ልክ ቆረጥን። ፊልሙ ስስ ስለሆነ ከኋላው መደገፊያ ካርቶን አበጀሁለት።

እሑድ ጠዋት ግቢያቸው ውስጥ፣ ከግንቡ ጥላ ሥር፣ የፕላስቲክ ወንበር አወጣን። ሴትዮዋ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሻቸውን ሦስት ጊዜ ቀይረው መጡ። እግራቸውን አየሁ፤ ነጠላ ጫማ ነው።

"ዛሬ ምንም አይጠበኝም" አሉ።

ካሜራዋን በርጩማ ላይ አስቀመጥናት። የካሜራዋ ማንሻ ስላረጀች ፍጥነቷን አትጠብቅም፤ ከፍተን፣ ሁለት ቆጥረን መዝጋት ነበረብን። ሽማግሌው ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንበው ለረዥም ጊዜ አዩ። "ተገልብጣም ያው ናት" አሉ ከውስጥ። ሴትዮዋ "ምን አለ?" ሲሉኝ "ቆንጆ ነች አሉ" አልኩ።

የመጀመሪያዋ ፊልም ባከነች። የማኅደሩን ክዳን ሳይስቡ ነበር ያነሱት፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩበትን ነገር ረሱት። ግንባራቸውን መቱ። በሁለተኛዋ የሚንቀጠቀጠው እጃቸው ማንሻዋን ሲነካ ካሜራዋ ተነቃነቀች። ቀና አሉና እኔን አዩኝ።

"አንቺ ክፈቺ፣ አንቺ ቁጠሪ" አሉ። "እኔ እሷን ልያት።"

ከካሜራዋ ጎን ሄደው ቆሙ። ትንፋሼን ይዤ ማንሻዋን ከፈትኩ። አንድ። ሁለት። ዘጋሁ። በሁለቱ ቁጥር መሃል ሴትዮዋ የሚያዩት ሌንሱን አልነበረም፤ እሳቸውን ነበር።

ጓዳ ገብተን በቀዩ መብራት ፊልሟን መድኃኒቱ ውስጥ ከተትናት። ሳህኗን እያወዛወዝኩ እጠብቃለሁ። መጀመሪያ የሻሹ ጠርዝ መጣ፣ ከዚያ ወንበሩ፣ ከዚያ ፊታቸው፤ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ። ዓይናቸው ተከፍቷል። ሽማግሌው "መጣች" አሉ፤ ሌላ ምንም አላሉም።

ፊልሟ ስትደርቅ መስኮት ላይ ለጥፈን በስልኬ አነሳኋት፣ ሲኒማ ራስ አጠገብ ያሉ ፎቶ አጣቢዎች ቀለሙን ገልብጠው በትልቁ አተሙልን። ከላይ በቀኝ በኩል አንዲት የብርሃን ጭረት አለችባት። አኮርዲዮኑ ላይ ያልደፈንኳት ቀዳዳ ናት። አፈርኩ። ሽማግሌው አይተው "የሠራተኛ ፊርማ ነው፣ ተያት" አሉኝ፤ እኔ ግን አልተዋትም፣ በማግስቱ ከውስጥ ለጠፍኩባት።

ሴትዮዋ አንዱን ቅጂ ኮምቦልቻ ላለችው እህታቸው ላኩ። እህታቸው በደወሉ ጊዜ እዚያው ነበርኩ፤ ስልኩ ድምፁ ተለቆ ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

"ይቺ የላክሽልኝ አሮጊት ማን ናት?"

"እኔ ነኛ!"

እህትየው "እኔስ እንደዚህ የሚያነሳኝ ሰው የለም?" አሉ።

ዛሬ ነገ ሲሉ ቆይተው ባለፈው ወር በአውቶቡስ መጡ፤ ሁለት ቀሚስ፣ አንድ የአንገት ድሪ፣ አንድ ማሰሮ ቅቤ ይዘው። ወንበር ስናወጣላቸው መቀመጥ እንቢ አሉ። ቆሜ ነው የምነሳው ብለው ግንቡን ተደግፈው ቆሙ። ሽማግሌው ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንበው "ወደ ግራ ትንሽ፣ አይ ወደ ቀኝ" ይላሉ፤ ሁለቱ እህትማማቾች ይንጫጫሉ። እኔም ማንሻዋ ላይ ጣቴን አድርጌ ዝም እስኪሉ እጠብቃለሁ።